የዳታ ፍጥነት መለኪያዎችን ሳያምታቱ የመቀየር መመሪያ

መስመራችሁ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው እንበል። ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀመራችሁ። መስኮቱ ላይ ግን 11.3 የሚል ቁጥር ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «መስመሩ ተበላሽቷል» ብሎ ስልክ ያነሳል። መስመሩ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም ያለውን አቅም አሟጦ እየሠራ ነው። 100 እና 11.3 እዚህ ላይ አንድን ፍጥነት የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚደረስ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ስህተት የሚገባው በሦስት በር ነው፦ ቢትና ባይት ሲምታቱ፣ 1000 እና 1024 ቦታ ሲለዋወጡ፣ ፍጥነቱ የት ላይ እንደተለካ ሳይጠየቅ ሲታለፍ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ከተከተላችሁ የማይቀየር ቁጥር የለም።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን በደንብ አንብቡ

ቢት ትንሿ የመረጃ ቅንጣት ናት፤ ወይ 0 ወይ 1። 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። የቴሌኮም ሰነዶች ይህንኑ የ8 ቢት ጥቅል «ኦክቴት» ይሉታል፤ በሒሳባችን ላይ ለውጥ የለውም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ያለው በአንዲት ፊደል መጠን ላይ ነው። ትንሿ «ቢ» ቢት ናት፤ ትልቋ «ቢ» ባይት ናት። ሁለቱን ያምታታ ሰው መልሱን 8 ጊዜ ያሳስታል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ፊደሏን እዩ። «ኤም» ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትልቋ ሜጋ ስትሆን ትንሿ በሕጉ መሠረት ሚሊ ናት፣ ማለትም የአንድ ሺኛ ክፍል። በተግባር ግን ብዙ ሰው ሜጋን በትንሿ ይጽፋል። አንድ ሺኛ ቢት በሰከንድ የሚባል የኔትወርክ ፍጥነት ስለሌለ ይህኛው ብዙም አያደናግርም።

ፊደሏ ካልታየች ወይም ሰውየው «100 ሜጋ» ብሎ ካለፈስ? ከቦታው መገመት ይቻላል። የመስመር ፍጥነት፣ የራውተርና የስዊች ወደብ፣ የፍጥነት መለኪያ ገጾች፣ የቪዲዮና የድምፅ ጥራት ብዙውን ጊዜ በቢት ይነገራሉ። የፋይል መጠን፣ የዳውንሎድ መስኮት፣ የዲስክ ፍጥነትና የባክአፕ ሶፍትዌር ደግሞ በባይት ይቆጥራሉ።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። «10 ጊጋ» ሲባል መጠን ነው ወይስ ፍጥነት? 10 ጊጋባይት ጥቅል ስንል የዳታ መጠን ነው። 10 ጊጋቢት በሰከንድ ስንል ፍጥነት ነው። መጠንን ወደ ፍጥነት ለመቀየር ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜው ሳይታወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም ወደ ቢት በሰከንድ አውርዱ

አንድ መንገድ ብቻ ያዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ከኪሎባይት ወደ ሜጋቢት፣ ከጊጋቢት ወደ ሜጋባይት እያሉ ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ ቁጥር መሸምደድ ድካም ነው። ከዚያ ይልቅ የያዛችሁትን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ተራ ቢት በሰከንድ አውርዱት። ከዚያ ወደምትፈልጉት መለኪያ አውጡት። አንድ ሁለት ዜሮ ቢበዛባችሁም በየት በኩል እንደሄዳችሁ ይታወቃል፤ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘትም ቀላል ይሆናል።

ለማውረድ፦ ኪሎ ከሆነ በ1,000 አባዙ። ሜጋ ከሆነ በ1,000,000። ጊጋ ከሆነ በ1,000,000,000። ቴራ ከሆነ በ1,000,000,000,000። መለኪያው ባይት ከነበረ በተጨማሪ በ8 አባዙ።

ለማውጣት፦ መልሱ በባይት የሚፈለግ ከሆነ ለ8 አካፍሉ። ቀጥሎ ለምትፈልጉት ኪሎ፣ ሜጋ ወይም ጊጋ አካፍሉ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ፋይል በ3.2 ሜጋባይት በሰከንድ እየወረደ ነው። በኪሎቢት ስንት ነው?

3.2 × 1,000,000 = 3,200,000 ባይት በሰከንድ
3,200,000 × 8 = 25,600,000 ቢት በሰከንድ
25,600,000 ÷ 1,000 = 25,600 ኪሎቢት በሰከንድ

በሜጋቢት ከተፈለገ 25.6 ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 450 ኪሎቢት በሰከንድ በኪሎባይት ስንት ይሆናል? ሲወርድ 450,000 ቢት በሰከንድ ነው። ለ8 ሲካፈል 56,250 ባይት፤ ለ1,000 ሲካፈል 56.25 ኪሎባይት በሰከንድ። 2.5 ጊጋቢት በሰከንድም በዚሁ መንገድ 312.5 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል።

በቃል ለማስላት ለ8 ማካፈል ማለት ሦስት ጊዜ ለሁለት መክፈል ነው። 300 ይከፈልና 150፣ ከዚያ 75፣ ከዚያ 37.5። ስብሰባ ላይ ካልኩሌተር ሳይወጣ ይደረሳል። አንዳንድ ባለሙያዎች በችኮላ ጊዜ ለ8 ከማካፈል ይልቅ ለ10 ያካፍላሉ። ለግምት እኔም እወደዋለሁ። ከታች የምናየውን የፓኬት ወጪ ከነመጠባበቂያው ስለሚይዝ «ፋይሉ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ለሚል ጥያቄ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ውል ላይ ወይም ሪፖርት ላይ ለሚጻፍ ቁጥር ግን አይሆንም።

ስትጨርሱ አንድ ነገር አረጋግጡ። ተመሳሳይ ፍጥነት በቢት ሲጻፍ ቁጥሩ ሁልጊዜ በባይት ከተጻፈው ይበልጣል። ሜጋቢቱ ከሜጋባይቱ ካነሰ ማባዛትና ማካፈሉ ተገላብጧል።

ደረጃ 3፦ 1000 ነው ወይስ 1024?

በኔትወርክ ዓለም ኪሎ 1,000 ነው። ጊጋቢት ኤተርኔት በሰከንድ በትክክል 1,000,000,000 ቢት ያሳልፋል። ምክንያቱም የመስመር ፍጥነት የሚመጣው ከሰዓት ምት ነው፤ የሰዓት ምት ደግሞ በኸርዝ ይለካል፤ በኸርዝ ላይ ኪሎ 1,000 ነው።

የኮምፒውተር ሜሞሪ ግን አሠራሩ በሁለት እጥፍ እየጨመረ ስለሚሄድ 1,024 ለቆጠራ ይመቸዋል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም «ኪሎ» ሲባሉ ኖሩ። በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1,024ቱ ቤተሰብ የራሱን ስም ሰጠው፦ ኪቢ 1,024፣ ሜቢ 1,048,576፣ ጊቢ 1,073,741,824። ስሙ ወጣ እንጂ ሁሉም ሶፍትዌር አልተከተለውም። ዊንዶውስ የፋይል መጠንን በ1,024 ይቆጥርና ኪሎባይት፣ ሜጋባይት ብሎ ይጽፈዋል። የአፕል ማክ ደግሞ በ2009 ከወጣው 10.6 ጀምሮ በ1,000 ይቆጥራል። አንድ ፋይል በሁለት ኮምፒውተር ላይ የተለያየ መጠን ቢያሳይ አትደናገጡ።

ልዩነቱ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሰፋል። በኪሎ 2.4 በመቶ ነው። በሜጋ 4.9፣ በጊጋ 7.4 ይደርሳል። በቴራ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በኪሎቢት ስትሠሩ ብትዘነጉት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በቴራባይት ባክአፕ ላይ ግን ሰዓታትን ያዛባል።

የመጀመሪያው ቁጥር መፈታት የሚጀምረው እዚህ ነው። 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12,500,000 ባይት በሰከንድ ነው። በ1,000 ከተቆጠረ 12.5 ሜጋባይት። ለ1,048,576 ከተካፈለ ግን 11.92። ገና 11.3 አልደረስንም።

ደረጃ 4፦ የት ላይ ነው የተለካው?

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። በእኔ ግምት ግን ከሁሉም በላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው እሱ ነው። ሁለት ሰዎች ሒሳባቸው ትክክል ሆኖ ሳለ የተለያየ ቁጥር ይዘው ይከራከራሉ። አንዱ ሽቦው ላይ ያለውን ፍጥነት ይዟል፤ ሌላው ፋይሉ የደረሰበትን።

ዳታ ብቻውን አይጓዝም፤ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ ሄደር የሚባል የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ ተጭኖበት ይሄዳል። በኤተርኔት ላይ አንድ የተለመደ ፓኬት ትልቁ መጠኑ 1,500 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ 20 ባይት የአይፒ ሄደር፣ 20 ባይት የቲሲፒ ሄደር ይወስዳል። ለፋይላችሁ የሚቀረው 1,460 ባይት ነው። ወደ ሽቦው ሲወጣ ደግሞ 14 ባይት የኤተርኔት ሄደር፣ 4 ባይት የስህተት መፈተሻ፣ 8 ባይት መቀስቀሻ፣ በፍሬሞች (ሽቦው ላይ በሚወጡት ጥቅሎች) መካከል ደግሞ 12 ባይት የሚያህል ባዶ ክፍተት ይጨመራል። ድምሩ 1,538 ባይት ነው።

1,460 ÷ 1,538 = 0.949

ስለዚህ 100 ሜጋቢት መስመር ላይ ለፋይሉ የሚተርፈው ቢበዛ 94.9 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ከላይ ያገኘነውን 11.92 በ0.949 ስናባዛው 11.3 ይመጣል። መስኮቱ ላይ የነበረው ቁጥር ይኸው። አንዲት ቢትም የት እንደገባች ሳይታወቅ አልጠፋችም።

አብዛኞቹ ሲስተሞች በቲሲፒ ሄደር ላይ 12 ባይት የሰዓት ምልክት ይጨምራሉ። ያኔ የፋይሉ ድርሻ 1,448 ይሆናል፤ ምጣኔውም 94.15 በመቶ። በጊጋቢት ኤተርኔት ላይ በ«አይፐርፍ» ፍጥነት የለካ ሰው 941 ሜጋቢት በሰከንድ ደጋግሞ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። 941 ካያችሁ መስመሩ ሙሉ ነው፤ ኬብል ለመቀየር አትሩጡ።

ፓኬቱ ሲያንስ ወጪው ይከብዳል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የኢንተርኔት ስልክ ነው። ጂ.711 የተባለው የድምፅ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቢት የሚቀይር ዘዴ) በሰከንድ 8,000 ናሙና ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 8 ቢት ነው። 8,000 × 8 = 64,000፣ ማለትም 64 ኪሎቢት በሰከንድ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ መስመር ያቅዳል። ድምፁ ግን በየ20 ሚሊሰከንዱ ተቆርጦ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይላካል። በአንዱ ፓኬት ውስጥ ያለው ድምፅ 160 ባይት ብቻ ነው። በላዩ የአይፒ 20፣ የዩዲፒ 8፣ የአርቲፒ 12 ባይት ሄደር ይጫናል።

160 + 40 = 200 ባይት
200 × 50 × 8 = 80,000 ቢት በሰከንድ

የኤተርኔቱ 18 ባይት (ሄደሩና የስህተት መፈተሻው) ሲታከል 87.2 ኪሎቢት በሰከንድ ይደርሳል። 10 ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 872 ኪሎቢት በሰከንድ ያስፈልጋል። በ640 ያቀደ ሰው የሰዎቹ ድምፅ እየተቆራረጠ ሲመጣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ጊዜና መጠን ሲገቡ

መርሁ አንድ ነው፦ መጠኑንም ፍጥነቱንም በቢት አድርጉና አካፍሉ። 4.7 ጊጋባይት ፋይል በ20 ሜጋቢት መስመር ሲወርድ፦

4.7 × 8 = 37.6 ጊጋቢት = 37,600 ሜጋቢት
37,600 ÷ 20 = 1,880 ሰከንድ

31 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለት ነው። የፓኬቱን ወጪ ለማካተት ለ0.949 አካፍሉት፤ 33 ደቂቃ ገደማ ይመጣል።

ወደ ኋላም ይሠራል። 500 ጊጋባይት ባክአፕ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ምን ዓይነት መስመር ይበቃል? 500 × 8 = 4,000 ጊጋቢት፣ ወይም 4,000,000 ሜጋቢት። 6 ሰዓት 21,600 ሰከንድ ነው። ሲካፈል 185.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል። የ200 ሜጋቢት መስመር ከወጪው በኋላ 190 ገደማ ይቀረዋል። ለጥቂት ይበቃል፤ ሌላ ሰው ያንን መስመር ከነካው ግን አይበቃም። እኔ ብሆን ከዚያ ከፍ ያለ እጠይቃለሁ።

በቃል መያዝ የሚገባው አንድ ቁጥር ቢኖር ይሄ ነው፦ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ሙሉ ቢፈስ 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ 86,400 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 10,800 ሜጋባይት። በ30 ቀን 324 ጊጋባይት። በ4 ሜጋቢት የሚቀርጽ የደህንነት ካሜራ በቀን 43.2 ጊጋባይት እንደሚበላ በዚህ ቶሎ ይታወቃል።

የቴሌኮም የቆዩ ቁጥሮች

ከስልክ ዘመን የመጡ አንዳንድ ፍጥነቶች ክብ ቁጥር አይደሉም። ኢ1 የሚባለው መስመር 2.048 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። 2,048 ሲታይ የ1,024 እጥፍ ስለሚመስል ብዙዎች «ቴሌኮምም በ1,024 ይቆጥራል ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም። 64 ኪሎቢት የሚይዙ 32 ቻናሎች ተደምረው ነው፤ 32 × 64 = 2,048። ኪሎው 1,000 ነው፤ ስለዚህ 2,048,000 ቢት በሰከንድ። የሰሜን አሜሪካው ቲ1 ደግሞ 24 ቻናል አለው፦ 24 × 64 = 1,536፣ በላዩ 8 ኪሎቢት ለማቀናጃ ሲጨመር 1,544 ኪሎቢት በሰከንድ።

በኤስዲኤች (የቴሌኮም የፋይበር ማስተላለፊያ ደንብ) ኔትወርክ ኤስቲኤም-1 የተባለው ደረጃ 155.52 ሜጋቢት ነው። ከዚያ በኋላ በ4 እያባዛችሁ መውጣት ነው፦ ኤስቲኤም-4 622.08፣ ኤስቲኤም-16 2,488.32፣ ኤስቲኤም-64 9,953.28። የመጨረሻውን ሰው ሁሉ «10 ጊጋ» ይለዋል። ለወሬ ይሁን፤ ለስሌት ትክክለኛውን ተጠቀሙ።

ባውድም አለ። ባውድ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምልክቱ እንደሚለዋወጥ ይናገራል። አንዱ ምልክት ብዙ ቢት ሊሸከም ስለሚችል ወደ ቢት ለመቀየር በምልክቱ የሚጫነውን ቢት ማወቅ ግድ ነው። የቪ.32 ሞደም በ2,400 ባውድ፣ በምልክት 4 ቢት እየጫነ 9,600 ቢት በሰከንድ ያስተላልፍ ነበር። በራውተር ኮንሶል ወደብ ላይ ደግሞ 9,600 ባውድ ማለት 9,600 ቢት ነው፤ ነገር ግን በተለመደው አቀማመጥ ለእያንዳንዱ ባይት አንድ የመነሻ አንድ የመዝጊያ ቢት ስለሚታከል የሚካፈለው ለ10 ነው። 960 ባይት በሰከንድ ይወጣል።

ከካውንተር ላይ ፍጥነት ማውጣት

ኔትወርክ የሚቆጣጠር ሰው ይህን በየቀኑ ያደርገዋል። በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከርቀት ማንበቢያ ደንብ) የሚነበበው የኢንተርፌስ (የወደብ) ካውንተር የሚቆጥረው ኦክቴት ነው። የኢንተርፌሱ ፍጥነት ግን በቢት ተጽፏል። ሁለቱን እንዳለ ያካፈለ ሰው ሞልቶ የፈሰሰ መስመርን «12 በመቶ ብቻ ነው የተያዘው» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ካውንተሩን አንብቡ፤ 1,250,000,000 ይላል እንበል። ከ300 ሰከንድ በኋላ ድጋሚ አንብቡ፤ 2,000,000,000 ይላል። ልዩነቱ 750,000,000 ኦክቴት ነው። በ8 ሲባዛ 6,000,000,000 ቢት። ለ300 ሲካፈል 20,000,000፣ ማለትም 20 ሜጋቢት በሰከንድ። ይህ የአምስት ደቂቃ አማካይ መሆኑን አትርሱ። በመሃል ለ30 ሰከንድ መስመሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ቢሆን ከዚህ ቁጥር ላይ አይታይም።

ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ካነሰ ካውንተሩ ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል ማለት ነው፤ መሣሪያው ጠፍቶ ካልተነሳ በቀር። የ32 ቢት ካውንተር 4,294,967,296 ላይ ሲደርስ ይዞራል። ያን ቁጥር በልዩነቱ ላይ ደምሩለት። ግን በ100 ሜጋቢት ሙሉ ፍጥነት በ343 ሰከንድ ይሞላል፤ በጊጋቢት በ34 ሰከንድ። በየአምስት ደቂቃው የምታነቡ ከሆነ ጊጋቢት ወደብ ላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማወቂያ የላችሁም። እዚያ የ64 ቢቱን ካውንተር ተጠቀሙ።

ቁጥሩን ወደ መሣሪያ ስታስገቡም የመለኪያውን ቋንቋ ጠይቁ። በሲስኮ ኢንተርፌስ ላይ የባንድዊድዝ ትእዛዝ የሚጠብቀው ኪሎቢት ነው፤ ለ100 ሜጋቢት የሚጻፈው 100000 ነው። በሊኑክስ የትራፊክ መቆጣጠሪያ «ቲሲ» ውስጥ ደግሞ «ኬቢፒኤስ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኪሎባይት በሰከንድ ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው ዓለም ኪሎቢት የሚልበትን ምልክት ማለት ነው። 512 ኪሎቢት ልትፈቅዱለት አስባችሁ 4,096 ኪሎቢት ትለቁለታላችሁ። እዚያ ቢት ስትፈልጉ «ኬቢት» ወይም «ኤምቢት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በአይፐርፍ ለክታችሁ የወጣውን ቁጥር ካሰባችሁት ጋር አስተያዩ። በ8 እጥፍ ከራቀ መለኪያው ተምታቷል፤ በ5 በመቶ ገደማ ካነሰ ግን የፓኬቱ ወጪ ነውና ተዉት።